ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርገው ቢጫ ሻሽ

ውድ ወንድሜ ደሞዝ፣

ይህን የምጽፍልህ በክሮኤሽያ ቋንቋ መልመጃ ደብተራችን ላይ ነው። ሌላ ወረቀት ጠፍቶ አይደለም፤ እጄ የለመደው እሱን ስለሆነ ነው። እንደ ልማዳችን ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። አብሮህ ለሚኖረው ለኤልናታን ደውዬ፣ ስታነበው አጠገብህ እንዲሆን ለምኜዋለሁ። አሁን አጠገብህ ካለ አንተም ተቀመጥ።

እማዬ የለችም። ያረፈችው ባለፈው ሚያዝያ ነው፤ ዘጠነኛ ወሯ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ነጥቡን እንኳ አልረሳሁም። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልህ፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ ወንበር አመቻቻለሁ። ውስጤ ግን አንድም ነገር አይንቀሳቀስም።

ከባሮ ዳር ዓሣ ገዝታ ስትመለስ ደጃፍ ላይ «ራሴን» አለች። ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል እስክንደርስ አልቆየችም። አጎታችን ረታ ከሰፈራ መንደሩ እንደደረሱ፣ ድንኳኑ ሳይተከል ሰበሰቡን። «በስልክ መርዶ የለም» አሉ። «ባዕድ አገር ራሱን መሬት ላይ ቢጥል ማን ይይዘዋል? የቋንቋ ፈተናውን ይጨርስ፣ ሥራው ቋሚ ይሁንለት። አገሩ ሲገባ ሰው ተሰብስቦ በወጉ ይረዳል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅኩ። ሌላው ነቅንቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ውሸቱ ለእኔ ቀረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትደውለው ለእኔ ነዋ።

መልመጃውን እንዴት እንደጀመርነው ታስታውሳለህ? ለወጥ ቤት ሥራ ዛዳር ከተማ በገባህ በወሩ «የእነዚህ ሰዎች ቃላት መጨረሻቸውን እየቀያየሩ ሊያሳብዱኝ ነው፤ አንቺ አማርኛ አስተማሪ አይደለሽ፣ ፍረጂኝ» ብለህ የመጽሐፉን ገጽ ላክህልኝ። እኔም «ይሄማ ያው የእኛ ‹ን› ናት» አልኩህ፤ ለክፍል ልጆቼ ስናገር የኖርኩትን። «እማዬ ዓሣውን ገዛች» ብልም፣ «ዓሣውን እማዬ ገዛች» ብልም ገዢዋ እማዬ ናት። «ን» ዓሣው ላይ እስካለች ድረስ ዓሣ እናት አይገዛም። እነሱም «ማይካ ኩፑዬ ሪቡ» ይላሉ፤ ገልብጠው «ሪቡ ኩፑዬ ማይካ» ቢሉም አይምታታም፤ «ሪባ» የነበረው ዓሣ «ሪቡ» ሆኗል። አንተም «ታዲያ ለምን ይገለብጡታል?» ስትል መጽሐፉን አየሁና አዲሱን ወሬ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ እንደሚያቆዩት ነገርኩህ። እማዬ ከጓዳ «ዓሣው ማንን ገዛ አላችሁ?» ብላ ስትስቅ በስልኩ ሰምተሃታል። ያኔ ነበረች።

ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት «እናት የሚለውን ቃል በሰባቱም መልክ አስገብተሽ ዓረፍተ ነገር ሥሪልኝ» አልከኝ። ሠራሁልህ። ለእናቴ ውሃ እሰጣለሁ፤ ዳዬም ቮዱ ማይትሲ። ከእናቴ ጋር ወደ ወንዝ እሄዳለሁ፤ ኢዴም ስ ማይኮም ና ሪዬኩ። እንደዚህ እያልኩ ቁጭ ብዬ አኖርኳት። ሲጠሯት የምትሆነው «ማይኮ» ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። መስመሩን ባዶውን ተውኩት። አንዲት ነጥብ ብረሳ የምትነዘንዘኝ ሰውዬ፣ ስለ ባዶው መስመር ምንም አላልከኝም።

ቅዳሜ በቪዲዮ የምትደውልበት ሰዓት ሲደርስ ጥቁሬን አወልቃለሁ። ከበሩ ኋላ ያለውን ቢጫ ሻሽ አስራለሁ፤ ፊቴን እታጠባለሁ። እማዬ በሐምሌ አረም ላይ ናት፣ በመስከረም በቆሎ እየፈለፈለች ነው፣ አጎታችን ያሉበት መንደር ኔትወርክ የለውም እልሃለሁ። ስልኩን ስዘጋ ጥቁሩን መልሼ እለብሳለሁ። ልብስ ስቀይር ከረምኩ እንጂ አላዘንኩም ብል ታምነኛለህ?

ባለፈው ሐሙስ የፈተናውን ውጤት ደረትህ ላይ ይዘህ የተነሳኸውን ፎቶ ላክህልኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ ኛፑዎት ለምትባል ባልደረባዬ አሳየኋት። ዘንድሮ ከማታር ከተማ ተዛውራ የመጣች የሂሳብ መምህርት ናት። ከልብሴ የተነሳ እናታችን መሞቷን ታውቃለች፤ ከአንተ መደበቃችንን ግን አልነገርኳትም።

«ወንድምሽም እስካሁን ጥቁር እንደለበሰ ነው እንዴ?» አለችኝ። «ጺሙንም አልተላጨም። እናቱን በጣም ይወዳል ማለት ነው።»

«የወጥ ቤት ልብሱ ነው» አልኳት።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ጠመኔ እንደያዝኩ፣ ሥራ የጀመርክ ቀን የላክኸው ፎቶ ትዝ አለኝ። የወጥ ቤት ልብስህ ነጭ ነበር።

ቤት ገብቼ ፎቶዎችህን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከግንቦት ወዲህ ያለው ሁሉ ጥቁር ካናቴራ ነው። ጺምህ ከወር ወር ይረዝማል። «እማዬን አገናኚኝ» ያልክበትን የመጨረሻ ቀንም ፈለግኩት፤ እሱም ግንቦት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅም። ስለ አረሙም ስለ በቆሎውም ሳትጠይቀኝ የማወራልህ እኔው ነበርኩ፤ አንተ «እሺ» እያልክ ትሰማኛለህ።

ኤልናታን ጋ የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው። አጠገቡ ሁንልኝ፣ ራሱን እንዳይጎዳ ያዝልኝ አልኩት። እሱም «እቴ፣ ያኔም የያዝኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

ማን እንደነገረህ አልጠየቅኩትም። ታዲያ እያወቅክ ከላይ ለምን እንደ አዲስ ጻፍኩት? ከእኔ አልሰማኸውማ። ይቅር በለኝ። አጎቴ ረታም በወጉ አልሆነም ብለው ይቆጡኝ ይሆናል፤ ይቆጡ።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። ስትደውል ቢጫውን ሻሽ አላደርግም። በጥቁሬ እመጣለሁ፤ አንተም ጥቁርህ እንዳይታይ ካሜራህን ከደረትህ በላይ አታድርግ። መልመጃ የለም፣ ደብተሩን አልከፍትም። አልጋዋ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፤ ነጠላዋ ተሰቅሎ ይታይሃል። እማዬን ጥራት፤ እኔም አብሬህ እጠራታለሁ። እስከ ዛሬ አንዲት እንባ አልወጣኝም፤ ብቻዬን አልሆነልኝም። አንተን እየጠበቅኩ ነው።

እህትህ ሺታዬ
ጋምቤላ፣ ጥር