ስለ ሸለቆው ከባለቤታቸው ጋር የተሟገቱት ወይዘሮ ቬርሊን ፔትዌይ

ወይዘሮ ቬርሊን ፔትዌይ ከአባታቸው ከአቶ ኦዴል ሃርግሮቭ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢውላ ሃርግሮቭ በ1943 በአላባማ፣ ግሪንቪል ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ክሊቭላንድ ሲመጣ አብረው መጥተው፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ አጠናቀዋል።

በ1968 ከባዮሎጂ መምህሩ ከአቶ ሉሽየስ ፔትዌይ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ከ1974 ጀምሮም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአውቶቡስ ሾፌርነት አገልግለዋል።

አቶ ሉሽየስ ከሰፈራችን በታች ባለው ጫካማ ሸለቆ ውስጥ ቤት እንዳይሠራ ለዓመታት ሲሟገቱ ኖረው፣ በ1991 ቦታው የተፈጥሮ መናፈሻ ሆኖ ተከለለ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። መኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃ ቤትና መቀመጫ ይሠራ ሲባል ግን፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ ላይ አቶ ሉሽየስ ተነሥተው «መቀመጫ የፈለገ ቤቱ ይቀመጥ፤ ይህ የሽመላዎች ቤት ነው» አሉ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ወዲያው ከኋላ ወንበር የገዛ ሚስታቸው ብድግ አሉ።

«ሉሽየስ፣ አንተማ ዛፍ ሥር ትቆማለህ። እኔ የት ልሂድ? ሽንቴን ይዤ ስነዳ ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ ለሽርሽርም ልያዘው? ከፊት የተቀመጡት እህት ኮራስ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ማረፊያ ሳይኖር እንዴት ይወርዳሉ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ አቶ ሉሽየስ ግን አልሳቁም። ቤት ውስጥ ሰላምታ እንኳን ጠፋ። በመጨረሻ «ነይና በዓይንሽ እዪው» ብለው ይዘዋቸው ወረዱ። ቀያሾች ሽመላዎቹ ጎጆ ከሠሩባቸው ዛፎች ሥር ችካል ሲቸክሉ፣ ወፎቹ እንቁላላቸውን ጥለው ሲነሡ ወይዘሮ ቬርሊን አዩ።

«መጸዳጃውን አልተውም፤ ቦታውን ግን እተዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ አብረው ቆመው፣ መጸዳጃውና መቀመጫው ከላይ በአፋፉ፣ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ እንዲሠራ፣ ታችኛው ሸለቆ ደግሞ በአፈር መንገዱ እንዲቀር አስወሰኑ።

ምርኩዝ የያዙ፣ ሕፃን ያቀፉ፣ ጫካውን ከአውቶቡስ መስኮት ብቻ የሚያውቁት ሁሉ መጡ። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽመላዎቹ ሄዱ። በሰው ብዛት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ያወቀ የለም። አቶ ሉሽየስ አንድም ቀን «ብዬሽ ነበር» አላሉም። ወይዘሮ ቬርሊን ግን ነገሩን ከልባቸው አላወጡትም። «ሰው በመምጣቱ አይቆጨኝም፤ ወፎቹ ግን ያሳዝኑኛል። ሁለቱም እውነት ነው» ይሉ ነበር።

የልብ ድካም ከያዛቸው ወዲህ ቁልቁለቱን መውረድ ስላልቻሉ፣ አቶ ሉሽየስ ወርደው ያዩትን መጥተው ይነግሯቸው ነበር። «ደስ እንዲለኝ ብለህ ሽመላ አየሁ እንዳትለኝ» ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል፤ እሳቸውም ዋሽተዋቸው አያውቁም።

ወይዘሮ ቬርሊን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኦክቶበር 9 ቀን 2021 በተወለዱ በ78 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው አቶ ሉሽየስ፣ ልጆቻቸው ዴኒዝና ራሞና፣ የልጅ ልጆቻቸውም በሐዘን ላይ ይገኛሉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፤ ዛሬ ብቻቸውን ወደ ቤት ለሚመለሱት ለአቶ ሉሽየስም ብርታቱን ይስጥ። አሜን።