በነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረው

ጥር 14፣ ረቡዕ

ፍርድ ቤት ሥራ ገባሁ። ቀለሙ ደርቆ ጠበቀኝ። ውሃ ጠብ አድርጌ በጠበጥኩትና ሦስት አቤቱታ፣ አንድ የምስክር ቃል ጻፍኩ። መዝገብ ያዡ ካሳ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ወስዶ ሲቀመጥባት ኖሯል። “ብርሃኑ ይሻላል ብዬ ነው” አለ። ለማን? የቀረሁት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው...

“ደብረ ታቦር እንዴት ነበር?” ይላል ሰው ሁሉ። “ደህና ነው” እላለሁ። ስለ ከተማው የጠየቁኝ ይመስል።

ከኅዳር ጀምሮ ጥማት ነበር። አንድ እንስራ ውሃ ብቻዬን። ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ከጓሮ የሸናሁበት ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ያየችው ሚስቴ አዛለች ናት። እሷው ነገረችኝ። ሴት የባሏን ሽንት ምን ብላ ታያለች?... የደብረ ታቦሩ ፈረንጅ ሐኪም ሽንቴን ከሰማያዊ ውሃ ጋር ቢያፈላው የሸክላ አፈር መሰለ። አስተርጓሚው “የስኳር በሽታ ነው። መርፌው በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ” አለኝ። ዕድሜ ልክ። እኔ ይህን ቃል የምጽፈው ለነፍሰ ገዳይ ነው።

ሌላም ብዙ ነገረኝ። ስለ መብል፣ ስለ ሰዓት። ራሴን ነቀነቅሁ።

ጥር 15

ጧት፣ ጭኔ ላይ፣ በመርፌው ልክ ሃያ ቁጥር ተወጋሁ። መርፌውን የምትቀቅለው አዛለች ናት። ቀቅላ ሰጥታኝ አትሄድም። በሩ ሥር ትቆማለች።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

የመድኃኒቱን ብልቃጥ የማስቀምጠው ሳጥን ውስጥ ነው። ትንሽ ማሰሮ፣ ማሰሮው ውስጥ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ ብልቃጧ። ቁልፉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ነው።

ዛሬ ስከፍተው ልብ ብዬ ባየው መድኃኒቱ ሁለት ሆኗል። ከላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከታች ነጭ ዝቃጭ። ደብረ ታቦር ያየሁት እንዲህ አልነበረም። አንድ ዓይነት ነበር፣ አጓት የመሰለ። ማን ምን ጨመረበት?

አልተወጋሁም። ብልቃጧን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ክሊኒኩ፣ ወደ ድሬሰሩ፣ ወደ ሐኪም ረዳቱ እንየው ሄድኩ። በሁለት መዳፉ መካከል እንደ እንዝርት ቀስ አድርጎ አንከባለላት። ነጩ ተነሥቶ ተቀላቀለ።

“ጋሽ ቀለመ ወርቅ፣ ጠላ ሲያድር አተላው አይዘቅጥም? ይኸው ነው።”

“ከምንድን ነው የሚሠራው?”

“ከከብት ቆሽት።”

“ከየትኛው ከብት?”

ወደ መስኮቱ ዞረ። “ያው... ፈረንጅ አገር ከሚታረደው።”

ፈረንጅ አገር የሚታረደውን ማን አያውቅም። እሪያ ጭምር። ለንስሐ አባቴ ልንገራቸው? ቢከለክሉኝስ?

ተወጋሁ። ስመለስ አዛለች “ምን አለዎት?” አለች። ወዴት እንደሄድኩ አልነገርኳትም ነበር።

ጥር 23፣ ዓርብ

ከክሊኒኩ አጥር አጠገብ፣ አዛለችና እንየው። እሱ በጣቱ እየቆጠረ ይናገራል፣ እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ያለፍኩት በማዶ ነው፤ አላዩኝም።

ማታ ራት ላይ። “ዛሬ የት ዋልሽ?”

“ጨው ልገዛ ወጥቼ ነበር።”

ወጡ ጨው አልጎደለውም።

ጥር 24

የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ። የአውራ ጣት ያህል። ሳያት ወደ ውስጥ አጠፈችው።

የካቲት 3

ከስማዳ በይግባኝ የመጣ መዝገብ ገለበጥኩ። ሚስት ባሏን በጠላ መርዛ። ሟች ለሦስት ሳምንት “ደክሞኛል” ሲል ነበር ይላል። ጎረቤት የመሰከረው “ጥሩ ሚስት ነበረች፣ ታስታምመው ነበር” ብሎ ነው። በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጥኩት። ታስታምመው ነበር የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ሃያ ዓመት የሰው ክስ ስጽፍ ግን ስለ ማንኛዋም ክፉ ቃል ቀድሞ ሲነገር አልሰማሁም...

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ነገ ቅበላ ነው። የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ጊዮርጊስ መጡ። ገና ሳይቀመጡ፣

“ቀለመ ወርቅ፣ ዘንድሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳትጾም። ከሥጋ፣ ከወተት ከተከለከልህ ይበቃል። ጧት ቅመስ።”

“ስለ ምን አባቴ?”

“መርፌ ተወግቶ ባዶ ሆድ መዋል አይሆንም። ለድውይ ይፈቀዳል። ሬሳ ሆነህ ብትጾም ማን ይቀበልሃል?” ብለው ሳቁ።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያልፈታሁት ጾም። የቄስ ልጅ ነኝ። ጧት ቁጭ ብዬ ልብላ? ካሳ እያየኝ?

ደግሞስ መርፌ ተወግቶ ባዶ ሆድ አይዋልም ማለትን ከየት አመጡት? መርፌ አይተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ባለፈው ሳምንት እንየው “ሳይበሉ እንዳይውሉ” አለኝ። ትናንት አዛለች “ሳይበሉ መዋል የለም” አለች። ዛሬ አባ። ሦስት ምስክር አንድ ቃል በአንድ አፍ ከተናገረ የተጠና ምስክርነት ነው። ይህን የፍርድ ቤት ዘበኛ እንኳ ያውቀዋል።

አዛለች አባን እስከ በር ሸኘቻቸው። በሹክሹክታ “እግዜር ይስጥልኝ” ስትል ሰማሁ። ለምኑ?

የካቲት 10፣ ሰኞ

ጾም ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾምኩ። መርፌውንም ተወጋሁ። ሁለቱንም።

የካቲት 12

ስምንት ሰዓት ግድም ግንባሬ አላበው። ብርድ ነው፣ የእስቴ ብርድ፣ እኔ ግን ላብ። ልቤ ያለ ዳገት ይመታል። ዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ገብቼ ሽሮ በላሁ። ተወኝ።

ትናንትም እንዲሁ ነበር። ከመታመሜ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አያውቀኝም። መድኃኒቱ ከመጣ ወዲህ ነው። ወይስ አዛለች ጧት ከምትሰጠኝ መታጠቢያ ውሃ? ስታጠብ አፌ ይገባ ይሆን...

ችሎት ሳለሁ በመስኮቱ ሳይ አዛለች ከፍርድ ቤቱ ዋርካ ሥር ተቀምጣ ነበር። ምን ጉዳይ አላት?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

አገኘሁት።

ነጠላዋን ምሰሶው ላይ ሰቅላ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ቋጠሮውን ፈታሁ። ነጭ ዱቄት፣ ሻካራ። በምላሴ ጫፍ ቀመስኩት። ስኳር።

ጨው አይደለም። ስኳር!

እንስራዋን ሳታወርድ ያዝኳት። “ይሄ ምንድን ነው?”

“ስኳር ነው።”

“ለማን?”

“ለአንቱ።”

“ስኳር ለሚሸና ሰው?”

“እንየው ነው ያለኝ። ሲያልባቸው፣ ሲቆጡ፣ ዓይናቸው ሲፈዝ ቶሎ ብለሽ...”

“በቃ! እንየው! እኔ ሳልሞት እንየው!”

ከእንስራው ውሃ ትከሻዋ ላይ ይፈስሳል። ስኳሩን ደጅ በተንኩት። ጉንዳኑ ወዲያው መጣ። ቆሜ አየሁት። አንድም አልሞተም።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ችሎት። ጀርባዬ ርሷል። ከሳሹ ሁለት አፍ አለው ሁለቱም ይናገራሉ የቱን ልጻፍ። ካሳ ይስቃል። ወንበሬን አልሰጥም። ፊደሎቹ ይሄዳሉ መስመር ይዘው እንደ ጉንዳን ወደ ቀለሙ... አዛለች በር ላይ ናት ማን አስገባት። መጣች። እየመጣች ነው አታስጠጉ

የካቲት 17፣ ሰኞ

ከላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው? ነው። “ለ” ላይ የማደርጋት ጭረት አለች።

የነገሩኝን እጽፋለሁ። እኔ አላስታውስም። ተነሥቼ ዳኛውን “ሌባ” ብያለሁ። ቀለሙን በካሳ ልብስ ላይ ደፍቻለሁ። ከዚያ ወደቅሁ። ሰዉ “ጋኔን ነው፣ ጸበል አምጡ” ሲል አዛለች ባለጉዳዩን ገፍታ ገባች። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ግን ምንም አልነበረም። እኔ ደጅ በትኜዋለሁ። ወጥታ እስከ ወይዘሮ ብርቄ ጠጅ ቤት ሮጠች፣ ማር በቅል ይዛ ተመለሰች፣ በአውራ ጣቷ ከድዴ ላይ ለቀለቀችው። ነከስኳት። ጣቷን አላወጣችም ይላሉ። ካሳ ነው ያለኝ፣ ቀለም የደፋሁበት ካሳ። “እኔ ብሆን በጥፊ ነበር የምልህ” አለ።

እንየው መጥቶ ተቆጣኝ። “ጋሼ፣ መርፌው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። ምግብ ካላገኘ ማንን ያውርድ? እርስዎን! ደብረ ታቦር አልተነገርዎትም?”

ተነግሮኛል። አሁን ጥርት ብሎ ትዝ ይለኛል። አስተርጓሚው “ከመርፌው በኋላ ሳትበላ አትዋል፣ ካላበህ ስኳር ላስ” ብሎኛል። ጾም የማያውቅ ሰው ምክር ነው ብዬ ተውኩት። ስኳር የከለከለኝ አፍ ስኳር ላስ ሲለኝ ደግሞ ቃሉ ተጋጨብኝ። ቃሉ የተጋጨ ምስክር አይታመንም...

ግን ሲመሳሰልም አላመንኩም። ሲጋጭም አላመንኩም። ታዲያ እንዴት ቢናገሩ ነው የማምነው?

የካቲት 18

አዛለች ቀኝ አውራ ጣቷን በጨርቅ አስራ መርፌ ቀቀለች። ሰጥታኝ በሩ ሥር ቆመች።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠረጴዛውን አቀረብኩ። ወረቀት ዘረጋሁ። “ተቀመጪ” አልኳት።

“ምን ሊያደርጉኝ ነው?”

“ቃልሽን ልቀበል። ያን ቀን አቋረጥኩሽ። ሃያ ዓመት የቀማኛ ቃል እንኳ አቋርጬ አላውቅም።”

“እኔ ተከሳሽ ነኝ?”

“ምስክር።”

“በማን ላይ?”

ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነከርኩ። ሳቀች። ከቅበላ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። ከዚያ ተቀመጠች። ያለችውን እንዳለችው ጻፍኩ፦

“ስሜ አዛለች። ዕድሜዬን አላውቀው። እንየው ዘንድ ሄጄ ‘ባሌ መርፌ ይወጋሉ፣ ሁዳዴ መጣ፣ እሳቸው ደግሞ ቢሞቱም ጾም አይፈቱም፣ ምን ላድርግ?’ አልኩት። ‘ካላባቸው ስኳር ነው’ አለኝ። ገዛሁ። ጨው ነው ያልኩት ‘ስኳር’ ብል በትር ያነሣሉ ብዬ ነው፤ ውሸቴን ነው፣ ይጻፉት። ለአባ ወልደ ጊዮርጊስም እግራቸው ሥር ወድቄ ነገርኩ። እንቢ ሲሉኝ ደጋግሜ ሄድኩ። አዎ፣ ተማክረናል። ምን ይሁን? ለአንድ በሬ የሚመካከር አገር ለባል ሲሆን ነውር ነው? ጾሙ ከገባበት ሰኞ ጀምሮ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋርካው ሥር ስቀመጥ ‘ባሏን ትጠብቃለች፣ ቀናተኛ’ ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። ስኳሩን ሲበትኑት ከጉንዳኑ ላይ ልለቅም አስቤ ነበር። አፈር ነበረበት። ቃሌ ይኸው ነው። ሽሮው እንዳያርር ልነሣ።”

አነበብኩላት። “ልክ ነው?”

“‘ሳቁብኝ’ ያልኩትን ይሰርዙት። ባለጉዳይ ቢያየው ደስ አይለኝም።”

ሰረዝኩት። ሰርዤ ደግሞ ለራሴ እዚህ ጻፍኩት።

እንደ ደንቡ የቀኝ አውራ ጣት ነው የሚፈረምበት። ጨርቅ ታስሯል። ግራዋን ቀለም ቀብታ አሳረፈች። በግርጌው “ምስክሯ ቀኝ ጣቷ ስለቆሰለ በግራ ፈርማለች” ብዬ መጻፍ ይገባኛል። ማን እንዳቆሰለውም። ጻፍኩት። ሁለቱንም።

የካቲት 26

አባ ወልደ ጊዮርጊስ ዘንድ ሄጄ የከብቱን ነገር ጠየቅሁ። የትኛው ከብት እንደሆነ አይታወቅም አልኳቸው። “ልትበላው ነው ወይስ ልትድንበት?” አሉኝ። “ልድንበት።” “እንግዲያ የበላውን ሰው ስናገኝ ንስሐ እንሰጠዋለን” አሉ። በዚህ ልረካ? አልረካሁም። ግን ጧት ተወጋሁ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ወንበሬ ላይ፣ ሽምብራ ቆሎ። በጾም ቀን፣ በሰው ፊት። የመጀመሪያዋ ፍሬ ጥርሴ ላይ ስትሰበር ችሎቱ ሁሉ የሰማ መሰለኝ። ካሳ ቀና አለ። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

“ቀለሙን አርቀህ ብላ” አለ። ብቻ።

በፋሲካ እቆርብ ይሆን? መርፌው ደም ባወጣብኝ ጧት ቤተ መቅደስ መግባቱስ? አላውቅም። መድኃኒቱ አሁንም ሲያድር ይዘቅጣል፣ አሁንም ባየሁት ቁጥር እጠራጠራለሁ። በመዳፌ አንከባልላለሁ። የሳጥኑ ቁልፍ ግን ከማተቤ ወርዷል፣ ምሰሶው ላይ ነው።

ጧት ስወጣ አዛለች በሩ ላይ አስቆመችኝ። “ጋቢዎን ያምጡት።” ጫፉን ይዛ አንድ ነገር ጠቀለለችበት፤ በጥርሷ ጎትታ ቋጠረችው። አውራ ጣቷ ላይ የጥርሴ ምልክት አራት ነጥብ ሆኖ ቀርቷል፣ እንደ ዓረፍተ ነገር መዝጊያ።

“ዋርካው ሥር አልመጣም ዛሬ” አለች። “የጓሮው ጎመን አረም በዝቷል።”

ቋጠሮውን እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ በጣቶቼ መሃል ያዝኩት። ሻካራ ነው። ስኳርም ሻካራ ነው፣ ጨውም ሻካራ ነው።

አልቀመስኩትም።