ፊቴ የነገራቸው

እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ ደህና ናት? ዝናቡ ሲገባ ጉልበትሽ አሁንም ይጠዘጥዝሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው። የላክሽልኝ የደረቀ ሙዝ ደርሶኛል፤ ግማሹን ማማ ቴፓኢሩ በላችብኝ።

ወሬው ቀድሞኝ እዚያ ደሴታችን ራያቴያ ሳይደርስ አይቀርም። አሸንፌያለሁ። የዓመቱ ምርጥ ተወዛዋዥ አሉኝ። እማዬ እልል ብላ ጎረቤት ሰብስባ ይሆናል፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ግን አንቺ ምን እንዳልሽ ነው።

ማማ ቴፓኢሩን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂያታለሽ፤ ተደግፈሽ መርከብ እስክትሳፈሪ ድረስ ስድስት ዓመት አሰልጥናሽ የለ? ዛሬም ያው ናት። ጀርባችንን ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ከበሮው እስኪያበቃ ዳሌ እናዞራለን። ትከሻዋ የተነቃነቀባት እንደ አዲስ ትጀምራለች። በስልቱ በኩል እኔን የምትነቅፍበት አላገኘችም። ያስቸገራት ፊቴ ነበር፤ የምወዛወዘው ባሏን ባሕር የወሰደባትን ሴት ሆኜ ነው። “አንቺ ልጅ፣ ወገብሽ እሳት ነው፤ ፊትሽ ግን ገበያ የዋለ ዓሣ! ባልሽን ባሕር በልቶብሻል እኮ፣ ትንሽ እዘኚ እንጂ!” ትለኛለች በሰው ፊት። ከበሮ መቺዎቹ ይስቁብኛል። መስታወት ፊት ቆሜ ማልቀስ ሁሉ ተለማመድኩ። ባል የለኝ፣ በምን አባቴ ልዘን?

የውድድሩ ዕለት ለብቻዬ ወጣሁ። ያንን ከባድ የልጥ ቀሚስ ወገቤ ላይ አስረውልኛል። ከበሮው ሲፈጥን ጉልበቴን አጥፌ ዝቅ አልኩ፤ ዝቅ እንዳልኩም እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ቀና ብል ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ ዘፈኑ እስኪያልቅ እዚያው ቆየሁ። ትከሻዬ ንቅንቅ አላለም። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አብረውኝ አለቀሱ። ሽማግሌው ዳኛ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን በዚህ አደባባይ አይቼ አላውቅም ብሎ ተናገረ አሉ።

ማማ ቴፓኢሩ አቅፋኝ፣ “ይኸው ልብሽን አገኘሽው! ለከርሞም ይህንኑ ነው የምትደግሚልኝ፤ አንዲት ጣት እንዳትቀይሪ” አለችኝ። ስሜን ከወዲሁ አስመዝግባለች። ልምምዱም ሰኞ ይጀመራል፤ ያው ግድግዳ። እታለም፣ ጨነቀኝ። ሃምሳ ሴት ዓይን ዓይኔን እያየኝ እምቢ የሚል አፍ ከየት ላምጣ? አንቺም አላገኘሽውም።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ያኔ ስትመለሺ እማዬ ወቅጣ ጉልበትሽ ላይ ታስርልሽ የነበረው ቅጠል የቱ ነው? በትኩሱ ነው የሚታሰረው ወይስ ሲቀዘቅዝ? ከቡድናችን የአንዲት ልጅ ጉልበት አብጦባት ነው። ደረጃ መውጣት አቅቷታል። በሚመጣ ሰው ላኪልኝ፤ ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት። ልጅቷ እንዲወራባት አትፈልግም።

ፈጣሪ ለእማዬ ዕድሜ፣ ለአንቺም ሳያምሽ የሚያቆምሽ እግር ይስጥልኝ።

በዱካሽ የምትከተልሽ
ታናሽ እህትሽ