ሁለት መስመር አብሮ ሲቆረጥ

ይድረስ ለሩቁ ጓደኛዬ፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ? እናትህ በረቱ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። መነጽሬ ወፍሯል፤ አንደበቴ ግን አልቀጠነም፤ ተማሪዎቼን ብትጠይቅ ይነግሩሃል።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ገጥሞኝ ነው። ያን የኔን አልጎሪዝም ታውቀዋለህ፤ ኔትወርክ ውስጥ መስመር ሲቆረጥ መልእክቱ ሌላ መንገድ ፈልጎ እንዲደርስ የሚያደርገውን። ፕሮፌሰር ያስባለኝ እሱ ነው። አምና አንድ መጽሔት ገምግሚልን ብሎ ጥናት ላከልኝ። እንደ ደንቡ የጸሐፊው ስም ተሸፍኗል። ሁለት መስመር አብሮ ከተቆረጠ የኔ ስሌት መልእክቱን ሲያሽከረክረው ይኖራል እንጂ አያደርሰውም ይላል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሳቅኩ። ስህተቱን ላወጣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ሰሌዳው ሞላ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ሞላ። ጥናቱ ስህተት የለበትም። ጸሐፊው ጣቢያዎቹን በፊደል ፈንታ አክስት፣ አማች፣ ጎረቤት እያለ ነው የሚጠራቸው። «አክስት ለአማች የላከችው ወሬ ጎረቤት ዘንድ ዞሮ ተመለሰ» የሚል የሂሳብ ማረጋገጫ አንብበህ ታውቃለህ? እንዲህ የሚጽፍ ሰው በዓለም ላይ ስንት እንዳለ እንጃ፤ እኔ ግን ከተማሪነታችን ጀምሮ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

የክፍላችን ኃላፊ ሰሌዳውን አይቶ ነገሩ ገባው። በሩን ዘጋና፣ ዲን ልትሆኚ ጫፍ ደርሰሽ፣ «አይታተም» ብትዪ ማን ያውቃል አለኝ። እኔ አውቃለሁ አልኩት፤ መልእክት መንገድ ላይ እየቀረ ዝም ካልኩ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ? «ጸሐፊው ትክክል ነው፤ ይታተም» ብዬ ላክሁ፤ ሳልገደድ ስሜንም ፈረምኩበት።

ዲንነቱ ለሌላ ሰው ሆነ። ሰውየው ስብሰባ ስለሚወድ እሱም እኔም ተጠቅመናል። ጥናቱም ሰሞኑን ታትሞ ደረሰኝ። የጸሐፊውን ስም ማየት አላስፈለገኝም።

እንዳታዝንልኝ። ስሌቱን ማቃናት ጀምሬአለሁ። መልእክቱ እየዞረ መሆኑን እንዲያውቅ አድርጌዋለሁ፤ መውጫው ነው የቀረኝ። እሱም ይገኛል፣ አልጠራጠርም፤ ግን ሰሌዳው ፊት ቆሞ «አይደለም» የሚለኝ ሰው ያስፈልገኛል። እዚህ ያሉት ሁሉ እሺ ነው የሚሉኝ። ከኔ ቀጥሎ ያለው ቢሮ ተለቋል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፤ ብርድ ለማይወድ ሰው ይስማማል። ቁልፉን ለማንም እንዳይሰጡ ነግሬአለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የእናትህን ደጅ አይዝጋው። መንገድህን ያቅናልህ።

ክርክር የማይበቃት ጓደኛህ