እስትንፋሴን ያዩ ሳጥኖች

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት? ጨዋታ አዋቂው አናጢ ባለቤትሽ እንደምን ሰንብቷል? አጎታችንስ ዓይኑ እንዴት ሆነለት? ታናሻችን ወሬኛው ድምፁ ጎረመሰ ወይስ አሁንም እንደ ጫጩት ይጮኻል? ናፍቆታችሁ አላስቀምጥ ብሎኛል።

እትዬ፣ እስከዚህ ያለውን ለሁሉም ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። የሚቀጥለውን ግን ለብቻሽ አንብቢው፤ እማማን «ሥራ በዝቶበታል» በያት።

እንደምታውቂው ሥራዬ በአንድ የምርምር ተቋም አዳራሽ ጣራ ላይ ትንንሽ ሳጥኖችን መስቀል ነው። እንደ ጥንቸል ጆሮ የቆሙ ሁለት ሁለት አንቴናዎች አሏቸው። በመሰላል ወጥቼ አጥብቄ አስራቸዋለሁ፤ የመብራታቸውንም ገመድ እዘረጋለሁ። ከዚያ ወዲያ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት ያለ ገመድ፣ በአየር ነው። ሰው በመካከላቸው ሲያልፍ ንግግራቸው ይናወጣል፤ ምሁራኑም የሚያጠኑት ይህንኑ ነው። የተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል እንኳ ያውቃሉ ሲሉኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጥናቱን የሚመራው መሐንዲስ ለሙከራ ካርቶን አንጥፌ አዳራሹ መካከል እንድተኛ አዘዘኝ። ተኝቶ ደመወዝ የሚበላ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ቀለድኩ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ መሐንዲሱ መሰላል ላይ ወጥቶ አንዱን ሳጥን ይፈታል። በኮምፒውተሩ ላይ ትንፋሼን ተከትሎ እንደ ማዕበል የሚሄደው መስመር እየተቋረጠ አስቸግሮት ኖሯል። ደህና አድርገህ አላጠበቅኸውም ብሎ ተቆጣኝ። ሳጥኑንም ገመዱንም ቀየርን፤ ዳግመኛ ተኛሁ፤ መስመሩም ዳግመኛ ተቋረጠ። በመጨረሻ እርሱ ራሱ በቦታዬ ጋደም አለ። እኔና ቁጣውን ሰምታ የመጣችው አለቃችን ስንመለከት፣ ማንኮራፋቱ እስከ በሩ እየተሰማ መስመሩ አንዴም ሳይበጠስ ሄደ።

አለቃችን ፊቷ ተለዋወጠ። «አንተ ልጅ፣ ሳጥኑ ምንም አልሆነም። ስትተኛ ትንፋሽህ ነው የሚቆመው» አለችኝ።

ያሰርኩት ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ የተበላሸሁት እኔ ኖሬአለሁ!

አለቃችን የላከችኝ ሐኪም በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል ብሎ፣ ከቤተሰቤ እንዲህ የሚያደርገው ሰው እንደነበረ ጠየቀኝ። አባዬ ትዝ አለኝ። ተኝቶ ድንገት ጸጥ ሲል፣ ከውኃ እንደወጣ ሰው በኃይል እስኪተነፍስ ድረስ አፋችንን ይዘን እንስቅ አልነበረም? አንድ ንጋት ደግሞ ሳይነቃ ቀረ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ያስታመምሽው አንቺ ነሽ። ያ ጸጥታ እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር? በስንት ዓመቱስ ጀመረው? ይህ እስኪታወቅ መሰላል እንዳልወጣ ተከልክያለሁ፤ እኔም እንቅልፍን ፈርቼ ግድግዳ ተደግፌ አድራለሁ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ባለቤትሽንና አጎታችንን እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ወሬኛው ግን ሰላምታ አይበቃውም፤ ሲተኛ አጠገቡ ተቀምጠሽ ትንፋሹን አዳምጪልኝ። እዚያ ሳጥን የለም፤ ያለው የአንቺ ጆሮ ነው። የሰማሽውንም፣ የአባዬንም ነገር ሳትደብቂ ጽፈሽ ይህን ደብዳቤ ባመጣው ሰው እጅ መልሺልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን