የስፌት መኪናዬን መትረየስ ላሉልኝ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የዘፈን መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ዘፈን የማያቋርጠው ይሁን እያልኩ፣ ከገበያው ጀርባ ካለችው ጠባብ የልብስ ስፌት ቤቴ ሆኜ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። «የያዘው ታሰረ» የተባለውን ዘፈኔን አስመልክቶ ኮሚቴዎ በጋዜጣ ያወጣውን ትንታኔ መነጽሬን እየወለወልኩ አነበብኩት። እኔ ልብስ ስሰፋ የማንጎራጉር ሴት ነኝ፤ ጎረቤቴ በስልኩ ቀድቶ ለሰው ሁሉ ባያዳርሰው ኖሮ ዘፋኝ መሆኔን እንኳ አላውቅም ነበር። የአመፅ መሪ መሆኔንማ ከእናንተ ሰማሁ፤ ከራሴ ጋር ስላስተዋወቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዘፈኑንም ስለከለከላችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ያልሰሙት ሁሉ ፈልገው ሰሙት።

ድፍረት እንዳይሆንብኝ እየሰጋሁ፣ ጥቂት ነጥቦችን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ከዘፈኑ ስር የሚሰማው ድምፅ «የመትረየስ ተኩስ ነው» ብላችኋል። እሱ የስፌት መኪናዬ ነው። መሃል ላይ ጸጥ ያለውም «የተኩስ አቁም ምልክት» ሆኖ ሳይሆን ክር ተበጥሶብኝ ነው። ይህች ምስኪን መኪና ሱሪ ከማሳጠር በቀር በማንም ላይ እጇን አንሥታ አታውቅም።

፪ኛ. «እናቲቱ ሀገር ናት፣ ልጇም የተጨቆነው ሕዝብ ነው» የሚለው ትርጓሜ በእውነቱ አኩርቶኛል። ሆኖም እናቲቱ እኔ ነኝ። ልጁም «ይህን ጥቅል አድርስልኝ» ያለውን ሰው አምኖ ሲሄድ በአዲሱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ተይዞ ስድስት ዓመት የተፈረደበት የበኩር ልጄ ነው። ሕጉ በእጁ የተገኘበትን እንጂ የላከውን አይጠይቅም። ሀገር ብሆን ኖሮማ ልጄን ለማየት በእስር ቤቱ በር ተሰልፌ «ነገ ነይ» ባልተባልኩ። ልጄ ናፍቆኛል፤ ይህም የተደበቀ ትርጉም የለውም።

፫ኛ. በዘፈኑ መሃል ስላፏጨሁት ፉጨት ብቻ አንድ ዓምድ ሙሉ ስትጽፉ፣ ጎረቤቶቼ ገና ሲሰሙት የገባቸውን ስንኝ ዘልላችሁታል፦

የያዘው ታሰረ፣ ይቆጥራል ዘመኑን፤
የላከው የት አለ? ጠይቁልኝ እሱን።

ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጌ መጻፍ አላውቅበትም። ትርጉም ፍለጋ ይህን ያህል ባትጎረጉሩ ደግሞ ለእናንተም ይሻል ነበር፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል።

በኮሚቴዎ ትንታኔ ሀገር፣ በሰፈሬ ልብስ ሰፊ፣ በእስር ቤቱ በር «አንቺ ሴትዮ» የምባለው፣

ሁልጊዜም ታዛዥዎ።

ማስታወሻ፦ ወገቡ ጠበበኝ ብለው በሾፌርዎ እጅ የላኩልኝ ግራጫ ኮት ደርሶኛል። ልብስ መኪና ስር ከማስገባቴ በፊት ኪስ መፈተሽ የሥራ ልማዴ ነው፤ አለበለዚያ መርፌ ይሰበራል። ከውስጥ ኪስዎ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ትምባሆ ትምባሆ የማትል ደረቅ ቅጠል አገኘሁ፤ ልጄን ካሳሰረችው ጋር መንታ ናት። እኔ እንደ እናንተ ተርጓሚ አይደለሁምና ምንም ትርጉም ሳልሰጣት ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። ብቻ ኮቱ አሁን ያለው እኔ እጅ ነው፤ ሕጉንም ያውቁታል። ስለዚህ ሾፌሩን ሳይልኩ እባክዎ ራስዎ መጥተው ይውሰዱልኝ። ጎረቤቶቼ ዘፈኑን እያንጎራጎሩ በር ላይ ይጠብቁዎታል፤ «የላከው የት አለ?» ሲሉ፣ «ይኸው መጣ» እላቸዋለሁ።