ሦስት ቀን የታሰሩ ዶሮዎች

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ ከሪማ። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ሲሳይሽን ያስፋልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እዚህ ሰፈራችን ሆጤ ዝናቡ ገብቷል። ወንድምሽ ጁነይድም በየሳምንቱ ከኮምቦልቻ እየመጣ ያየኛል።

መሥሪያ ቤትሽ ከሚያመርተው የላክሽልኝ ዱቄት ደርሶኛል። ከዝንብ ትል መሠራቱን ጁነይድ ሲነግረኝ ዕቃውን ከጓዳ አውጥቼ ደጅ አስቀመጥኩት። ትሉን ኢንዛይም የሚባል እንደ እርሾ ያለ ነገር እንደሚያሟሟው ቢያስረዳኝም ነፍሴ አልተቀበለውም። ኋላ ግን ለዶሮዎቹ ከመኖው ጋር ቀላቀልኩላቸው። ወላሂ፣ በወሩ ላባቸው አበራ፣ እንቁላላቸውም በረከተ።

ሁለቱን ለመውሊድ ላርድ፣ ቆሻሻው ከሆዳቸው ይጥራ ብዬ እንደ ደንባችን ሦስት ቀን አስሬ ንጹሕ ማሽላ ሰጠኋቸው። ማሽላውን ትተው ወደ ዱቄቱ ዕቃ እያዩ ሲጮኹ ዋሉ። ጎረቤታችን ነጂባ ሰምታ፣ «ምን አስለምደሻቸው ነው?» አለችኝ። እስከዚያ ድረስ አፍሬ ለሰው ሁሉ «ልጄ መድኃኒት ነው የምትሠራው» ስል ኖሬ፣ ያን ቀን እውነቱን ነገርኳት። እሷም ለዶሮዎቿ ትንሽ ቆንጥሪልኝ አለች።

ጁነይድ እንዳለኝ አንቺ ባለሽበት አገር ዱቄቱን ሰውም በጥብጦ ይጠጣዋል፤ አንቺም እየቀመስሽ ነው የምትሠሪው። አልቆጣሽም፣ ሥራሽ ይባረክ። ብቻ ለዒድ ነይልኝ፤ አንቺንም እንደ ዶሮዎቹ ቤት አስሬ ንጹሕ እህል አበላሻለሁ። ለዶሮ ሦስት ቀን ይበቃል፤ ላንቺ ግን አንድ ወር ሳያስፈልግ አይቀርም።

እናትሽ